ናፍጣውማ አለ፣ መንገዱ ነው የጠፋው

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ሊፍቱም ቀጠለ፣ ሶስተኛ ፎቅ ያለው ክሊኒክ ፍሪጆቹም አልጠፉም፣ ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ጄኔሬተሩ ሁለት ሶስቴ አሳለና ቀጥ አለ። እኔን ስልክ ነው የቀሰቀሰኝ። ጃኬት ደርቤ ስደርስ ጓሮ ያለችው የጄኔሬተር ቤት በሯ ተበርግዶ፣ ጋሼ ትንሽዬ ባትሪ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ጎንበስ ብለው የናፍጣ ፊልተሩን እየፈቱ ነበር። ጋሼ የህንጻው ኤሌክትሪሻን ናቸው፣ ስማቸውን የሚጠራ ሰው አላውቅም፣ ከባለቤቱ እስከ ጽዳቶቹ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው።

«ናፍጣ አልቆ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

ባትሪውን ከጥርሳቸው አወጡና «ናፍጣውማ አለ» አሉኝ፣ «መንገዱ ነው የጠፋው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዝመንት ሁለት ውስጥ 5,000 ሊትር የሚይዝ የናፍጣ ታንከር አለ፣ ያን ሌሊት ከግማሽ በላይ ነበረው። ጄኔሬተሩ አጠገብ ደግሞ ብረት ላይ ከፍ ተደርጋ የተቀመጠች 200 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ታንከር አለች፣ ዴይ ታንክ የምንላት፣ ሞተሩ የሚጠጣው ከሷ ነው። በሁለቱ መሀል ናፍጣውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ከየት ነው የሚያገኘው? ቤዝመንት ካለው ፓኔል፣ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን። ፓኔሉስ? ቀጥታ ከመብራት ኃይል። በቃ ታሪኩ ይሄው ነው። መብራት ሲጠፋ ይስራ ተብሎ የተገዛ ማሽን ናፍጣ የሚደርሰው መብራት ካለ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ያን ሌሊት በተሸከመው ሎድ በሰዓት 28 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ 200ን ለ28 ስታካፍለው ሰባት ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ከምሽቱ አንድ እስከ ሌሊቱ ስምንት። ማሽኑ ሂሳቡን በደንብ ያውቃል።

ሁለት አመት ሙሉ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ካላችሁ፣ መብራት ቢሄድም ሁለት ሶስት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል፣ ሲመጣ ፓምፑ ይነሳና የጎደለውን ይሞላል፣ ስለዚ ዴይ ታንኳን ባየናት ቁጥር ሙሉ ናት። ፓምፑን ቼክ የምናደርገውም በቀን ነው፣ በቀን ደግሞ መብራት አለ፣ ቁልፉን ስትጫነው ይሰራል፣ ቼክሊስቱ ላይ ራይት ታደርግና ትሄዳለህ። ያን ሌሊት በጀሪካን ነው ያመላለስነው፣ ከሁለት ፎቅ በታች፣ ያውም የታንከሩን ክፍል ቁልፍ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ከባከነ በኋላ። ዲዝል ሞተር ደግሞ ናፍጣ ጨርሶ ከቆመ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፣ አየሩን ሳታስወጣ እንኳን ሊነሳ አያስብም፣ ጋሼ አንድ ብሎን ላላ አድርገው ሞተሩ ላይ ባለችው ትንሽ የእጅ ፓምፕ እየገፉ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅን። ሲነሳ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። መብራት የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። አልሳቅንም።

የሚያናድደው ድሮዊንጎቹን ሪቪው ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔ ነው። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ አወጣኋቸው። የኤሌክትሪኩ ድሮዊንግ ላይ ከቤዝመንቱ ፓኔል የሚወጣ «ፒ-3» የሚባል ሎድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ፣ አለ፣ አንድ ብሬከር፣ አንድ ኬብል፣ ምንም ስህተት የለውም። የሜካኒካሉ ድሮዊንግ ላይ ደግሞ ከታንከሩ ወደ ዴይ ታንኳ የሚሄድ ቧንቧ መሀል «ኤፍቲፒ-01» የሚባል ክብ ነገር ተስሏል፣ እሱም ምንም ስህተት የለውም። ፒ-3 እና ኤፍቲፒ-01 አንድ ፓምፕ ናቸው። ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ስም ይዞ የሚኖር አንድ ፓምፕ። አንደኛውን ወረቀት የሚያይ ሰው ኤሌክትሪኩን ያያል፣ ሌላኛውን የሚያይ ናፍጣውን ያያል፣ ኤሌክትሪኩ ከናፍጣው ጋር የሚገናኝባት ነጥብ ግን የትኛውም ወረቀት ላይ የለችም። እኔ ሁለቱንም አይቼ ሁለቱንም ፈርሜያለሁ።

በኋላ ሳነብ ግን ብቻችንን እንዳልሆንን አየሁ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2012 ሳንዲ የሚባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ ቤልቪው የሚባለው ትልቁ ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹ 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፣ ጎርፍ እንዳያገኛቸው። የናፍጣ ፓምፖቹ ግን ቤዝመንት ነበሩ። ጎርፉ ቤዝመንቱን ሞላው፣ ፓምፖቹ ቆሙ፣ ሰራተኞቹና ወታደሮች ደረጃው ላይ ተሰልፈው ናፍጣ እየተቀባበሉ 13ኛ ፎቅ ድረስ አወጡ፣ መጨረሻ ላይ ሆስፒታሉን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነ። የነሱን የቆረጠው ውሃ ነው፣ የኛን የቆረጠው ሽቦ ነው፣ ቅርጹ ግን አንድ ነው፣ ማሽኑ ላይ እንጂ ማሽኑ ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ማንም አላሰበም።

ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ነገር፣ ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ አስቦ የመንደፍ ሙያ፣ ከምር የያዝኩት ከዛ በኋላ ነው። ከዛ በፊት ለኔ የፈረንጅ ፓወርፖይንት ነበር፣ ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን። ካፔላ የሚባለውን ሲስተም የሚሳልበት ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ፓፒረስ የሚባለውን ሌላውንም ሞከርኩ፣ ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየሁ ህንጻውን እንደገና መሳል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዲያግራሜ አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ሳየው አፍራለሁ። ጄኔሬተር የሚል ሳጥን፣ ፓምፕ የሚል ሳጥን፣ በመሀል አንድ መስመር። መስመሩ ምን ይላል? ምንም አይልም። «ግንኙነት አላቸው» ነው የሚለው። በአማርኛ «ጄኔሬተሩ ፓምፑን» ብለህ ዝም እንደማለት ነው እኮ፣ ሰሚው አፍህን እያየ ይጠብቅሃል፣ ምን አደረገው? ገፋው? አበራው? አቃጠለው? እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለምናመጣው ያለ ግስ የቀረ ነገር ቶሎ ነው ጆሯችንን የሚቆረቁረው፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም እናልፈዋለን።

እዚህ ጋ ስለ አንድ ዘመዳችን ላውራ፣ የአያቴ ወንድም ናቸው፣ አሁን በህይወት የሉም። ገጠር ልጅ ሊዳር ሲል ሰዎች እሳቸው ጋ ይመጡ ነበር፣ የወንዱንና የሴቷን ሰባት ቤት ለማስቆጠር። ቁጭ ብለው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ ወደ ላይ ይወጡና በሌላኛው በኩል ይወርዳሉ፣ አምስተኛው ላይ ወይ ስድስተኛው ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ። ሰውየው አንድም ቀን የዘር ሀረግ ሲስሉ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፣ አንተ ጥያቄ ይዘህ ስትመጣ ለሷ ጥያቄ የምትሆነዋን ቅርንጫፍ ብቻ ያወጡልሃል። ሞዴል የሚባለው ነገር የገባኝ እሳቸውን ሳስታውስ ነው። ሞዴሉ እሳቸው ናቸው፣ ዲያግራሙ ለዛን ቀን ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። አንድ ሰው ደግሞ እሳቸው ጋ አንድ ጊዜ ነው ያለው፣ በአባቱ በኩልም ምጣ በእናቱ በኩል ያው ሰውዬ ነው፣ ፒ-3 እና ኤፍቲፒ-01 ሆኖ ሁለት ቦታ አይወለድም።

ደሞ የዝምድናውን አይነት ይለያሉ። ዝምድና አላቸው ብትላቸው «ምን አይነት?» ነው የሚሉህ። አማች ነው? አበልጅ ነው? የእንጀራ ልጅ ነው ወይስ የጡት ልጅ? ለእያንዳንዱ ቃል አለን፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሌላ ነገር ያስከትላል፣ አንዱ ያወርሳል አንዱ አያወርስም፣ አንዱ ጋብቻ ይከለክላል አንዱ አይከለክልም።

ሲስኤምኤል የሚባለው፣ ሲስተም የሚሳልበት የስዕል ቋንቋም ስታየው ስራው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ስሪቱ ዘጠኝ አይነት ዲያግራም አለው፣ ዘጠኙን አልዘረዝርም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ በብዛት የምነካው አራቱን ነው። ዋናው ግን መስመሮቹ ናቸው። ጫፉ ላይ ጥቁር ዳይመንድ ያለው መስመር «የኔ አካል ነው፣ እኔ ከጠፋሁ እሱም ይጠፋል» ማለት ነው፣ ባዶ ሶስት ማዕዘን ያለው ደግሞ «የዛ አይነት ነው» ማለት ነው፣ ዲዝል ጄኔሬተር የጄኔሬተር አይነት ነው እንደማለት። ጥቁሩ ዳይመንድ አንድ ጸባይ አለው፣ አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ ባለቤት በላይ እንዲኖረው አይፈቅድም። እኔ ፓምፑን ይዤ ሶፍትዌሩ ላይ የተጣበቅኩት እዚህ ጋ ነው። የማን ነው? የናፍጣ ሲስተሙ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ሲስተሙ? ኮንስትራክሽን ላይ እያለን የኤሌክትሪክ ሰዎቹ «እሱ የሜካኒካሎቹ ነው» ይሉ ነበር፣ ሜካኒካሎቹ ደግሞ «ገመዱን እነሱ ናቸው የሚያመጡት»፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ፓምፑን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው ያዩት። አንዲት ዳይመንድ የት ላድርጋት ብዬ ግማሽ ቀን ማሰቤ መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፣ በኋላ ግን ያ ግማሽ ቀን ከሁለት አመት በፊት ቢባክን ኖሮ ብዬ ነው የተናደድኩት።

ቀስቶቹም መጀመሪያ ያምታታሉ። የጥገኝነት ቀስት፣ ያ ቆራጣ ቆራጣ የሆነው፣ ከጥገኛው ተነስቶ ወደተጠጋበት ነው የሚሄደው። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ስለዚ ቀስቱ ከጄኔሬተሩ ወደ ታንከሩ ያያል፣ ናፍጣው ግን የሚፈሰው ከታንከሩ ወደ ጄኔሬተሩ ነው። አንዱ ቀስት ወደሚለመነው፣ አንዱ ቀስት ወደ ለማኙ። ሁለቱን በአንድ አይነት መስመር አንድ ወረቀት ላይ ካቀላቀልካቸው ማንም አያነበውም፣ እኔ ራሴ የሳልኩትን በሳምንቱ ገልብጬ አንብቤው አውቃለሁ።

ስለ ሪኳየርመንቱ፣ ህንጻው ማሟላት ስላለበት ግዴታ፣ ካላወራሁ ደግሞ ጉዳዩ አይሞላም። ውሉ ላይ «መጠባበቂያ ኃይሉ መብራት ሳይመጣ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሰራል» የሚል ነበር። ኤክሴሉ ላይ ፊት ለፊቱ ምን ተጽፏል? «5,000 ሊትር ታንከር፣ ተሟልቷል።» ሂሳቡን ስሩት፣ 5,000 ለ28፣ ከ178 ሰዓት በላይ ነው፣ ከሰባት ቀን በላይ። ወረቀቱ ሰባት ቀን ይላል፣ ማሽኑ ሰባት ሰዓት። ሲስኤምኤል ላይ ይሄን የሚያሳይ ማሟያ የሚባል መስመር አለ፣ ከመፍትሄው ተነስቶ ወደ ሪኳየርመንቱ የሚሄድ። እኔ መጀመሪያ እሱንም ልክ እንደ ኤክሴሉ አድርጌ ከታንከሩ ብቻ ሳብኩት፣ ያምራል፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ታንከር ግን ምንም አያሰራም እኮ፣ ቁጭ ብሎ ናፍጣ መያዝ ነው የሚችለው። ሃያ አራት ሰዓት የሚያሰራው ታንከሩም፣ ፓምፑም፣ የፓምፑ ኤሌክትሪክም፣ ዴይ ታንኳም፣ ፊልተሩም ተያይዘው ነው። መስመሩ ከሰንሰለቱ ነው መምጣት ያለበት፣ ከአንዷ ቀለበት ካመጣኸው ስዕሉ ሳይዋሽ ያታልልሃል።

ዓይኔን የከፈተልኝ ግን ቀስት የሌለው ነገር ነው፣ ሰንጠረዥ። ኤን-ስኩዌር ይሉታል፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሮበርት ላኖ የሚባል፣ ቲአርደብሊው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሰራ ሰው ነው በዚህ ስም ያስተዋወቀው። አሰራሩ ሞኝ የሚያክል ቀላል ነው። ዕቃዎቹን በሰያፍ ትደረድራለህ፣ ከላይ ግራ ጀምረህ ወደ ታች ቀኝ። አንድ ዕቃ የሚሰጠው በሱ መስመር በአግድም ይጻፋል፣ የሚቀበለው በሱ አምድ በቁልቁል። አምስት ዕቃ ብቻ ያዙ፣ መብራት ኃይል፣ ፓኔል፣ ፓምፕ፣ ዴይ ታንክ፣ ጄኔሬተር። መብራት ኃይል ለፓኔል ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ፓኔል ለፓምፕ ኤሌክትሪክ፣ ፓምፕ ለዴይ ታንክ ናፍጣ፣ ዴይ ታንክ ለጄኔሬተር ናፍጣ። አራት ክፍሎች ተሞሉ፣ አራቱም ከሰያፉ በላይ ተጣብቀው እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። አሁን ጣትህን ጄኔሬተሩ ላይ አድርግና ደረጃውን ወደ ላይ ውጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት፣ ጫፍ ላይ ማን ቆሟል? መብራት ኃይል። እርሳሴን አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

የሰንጠረዡ ትልቅ ነገር ግን የተሞላው ክፍል አይደለም፣ ባዶው ነው። ሳጥንና ቀስት ስትስል የረሳኸው መስመር ቦታ የለውም፣ ነጭ ወረቀት ነው፣ ነጭ ወረቀት ደግሞ አይጮህም። ሰንጠረዥ ላይ ግን የእያንዳንዷ ጥንድ ቦታ ተዘጋጅቶ ባዶ ሆኖ ያፈጥብሃል፣ «ባትሪ ቻርጀሩ ለጄኔሬተሩ ምን ይሰጣል?» «ጄኔሬተሩ ለቻርጀሩስ?» ይልሃል። 18 ዕቃ ካለህ 306 ጥያቄ ነው። አብዛኛው መልስ «ምንም» ነው፣ ከሰዓት በኋላህን ይበላዋል፣ እኔ ሁለት ከሰዓት በልቶብኛል። ማሰልቸቱ ግን ነው ጥቅሙ፣ ምክንያቱም ያመለጠን ነገር ሁሉ ያመለጠን ግልጽ ነው ብለን ሳንጠይቅ ስላለፍነው ነው።

ማስተካከያውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ቀላሉ ነገር የፓምፑን ፓኔል ወደ ጄኔሬተሩ ፊደር፣ ማለትም ከጄኔሬተሩ ወደሚወጣው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ማዞር ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፓምፑን እንዲያበራ። ሰንጠረዡ ላይ ስጽፈው ከጄኔሬተር መስመር ወደ ፓኔል አምድ አንድ ክፍል ተሞላች፣ ከሰያፉ በታች፣ ግራ ጥግ አካባቢ። ከሰያፍ በታች የሚሞላ ነገር ወደ ኋላ የሚመለስ ነው፣ ማለትም ክብ ተፈጠረ። ጄኔሬተሩ ፓምፑን ያሰራል፣ ፓምፑ ዴይ ታንኳን ይሞላል፣ ዴይ ታንኳ ጄኔሬተሩን ታሰራለች። እየሰራ እስካለ ድረስ ደስ የሚል ክብ ነው፣ ራሱን ይመግባል። አንዴ ከቆመና ዴይ ታንኳ ባዶ ከሆነች ግን ማን ይጀምራል? ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ ነው በቃ። ትላልቅ የኃይል ማመንጫዎችም ይሄው ችግር አለባቸው፣ ለመነሳት ራሳቸው መብራት ይፈልጋሉ፣ ሀገር ሙሉ ሲጨልም መጀመሪያ የሚነሱት ብዙ ጊዜ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች የሆኑትም ለመነሳት ትንሽ ኃይል ስለሚበቃቸው ነው። ለኛ ህንጻ መፍትሄው የእጅ ፓምፕ ሆነ። ቧንቧው ላይ ከኤሌክትሪኩ ፓምፕ ጎን የተገጠመ፣ እጀታውን ወዲያ ወዲህ የምትለው። ከጠቅላላው የህንጻው ዋጋ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። ጋሼ ሲገጠም ቆመው አዩትና «ይሄን እኔን ብትጠይቁኝ በነጻ እነግራችሁ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዛ አበድኩ። ሞዴል መስራት ሱስ ነው፣ የነካችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃው፣ ሮቶዎቹ፣ የእሳት አደጋ ፓምፑ፣ ሊፍቱ፣ ካሜራው፣ ኢንተርኔቱ፣ ሁሉንም አስገባሁና ሁሉንም አንድ ዲያግራም ላይ ጎተትኩት፣ ትልቁ ወረቀት ላይ አሳትሜ ስብሰባ ይዤ ሄድኩ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። የህንጻው ባለቤት ተነስተው ቀረብ ብለው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት፣ «ይሄ ምንድን ነው፣ የሸረሪት ድር?» አሉኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ የኔ ድር ያሰረው ስብሰባውን ነው። ለአንድ ሰዓት ስለ ወረቀቱ አወራን፣ ስለ ህንጻው አንድም ቃል አላወራንም። ሞዴሉ ውስጥ ሁሉም ነገር መኖሩ ጥሩ ነው፣ የአያቴ ወንድምም ሁሉም ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፣ ግን ሙሽሪትን ሊጠይቅ የመጣን ሰው የመንደሩን ሰው በሙሉ ቆጥረውበት አያውቁም።

አሁን ዲያግራም ከመክፈቴ በፊት ከላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ አንዲት፣ በጥያቄ ምልክት የምታልቅ። «መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ ምን ይቆማል?» ጥያቄዋን የማይመልስ መስመር ሁሉ ይደበቃል። ይደበቃል ነው ያልኩት፣ አይሰረዝም፣ ሞዴሉ ላይ አለ። ይሄን ልዩነት ሳላውቅ በፊት ከዲያግራሙ ላይ አጥፍቼ ከሞዴሉም የጠፋ መስሎኝ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከሞዴሉ አጥፍቼ ከዲያግራሙ ብቻ ያጠፋሁ መስሎኝ፣ ሁለቱንም አይነት ጥፋት አጥፍቻለሁ። በፈረንጆቹ 2025 ኦኤምጂ የሚባለው ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት ያጸደቀው አዲሱ ሲስኤምኤል ቁጥር ሁለት ይሄን ግልጽ ያደርገዋል፣ ሞዴሉን እንደ ኮድ በጽሁፍ መጻፍ ትችላለህ፣ ስዕሉ ከሱ የሚወጣ እይታ ነው። ገና እየለመድኩት ነው፣ ስለዚ ብዙ አልፈላሰፍም።

ጥያቄ መቀየር ስዕሉን እንዴት እንደሚቀይረው ማየት የሚፈልግ ሰው የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያስብ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ስራ ሲጀምር የተለጠፈው ካርታ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ከምስራቅ ምዕራብና ከሰሜን ደቡብ፣ ሁለት ቀለም፣ መሀል ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ለተሳፋሪ ጥሩ ካርታ ነው፣ የተሳፋሪ ጥያቄ «የት ልውረድ፣ የት ልቀይር» ነው። ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱ ቀለሞች መሬት ላይ አንድ ሀዲድ ናቸው። ጥያቄህ «እዛ መሀል አንድ ባቡር ቢበላሽ ማን ይቆማል?» ከሆነ ስዕልህ ላይ ሁለት መስመር ካለ ተሳስተሃል፣ አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ሳጥን፣ ነው መኖር ያለበት፣ ሁለቱም በቆራጣ ቀስት ወደሱ የሚያዩ፣ ያኔ አያት የቆመው ሰውዬ ቃሊቲ ከቆመችው ሴትዮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ታየዋለህ። ካርታው አልዋሸም፣ ያልጠየቅከውን ነው ያልመለሰልህ።

ስለ አቀማመጥም አንድ ነገር። ሶፍትዌር ራሱ ሳጥኖቹን ደርድሮልህ መስመር በተቻለ መጠን እንዳይቆራረጥ ማድረግ ይችላል፣ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የተወለደውን ግራፍቪዝን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች በዚህ የተካኑ ናቸው። ለራሴ ሲሆን እጠቀማለሁ። ለጋሼ ያዘጋጀሁት ላይ ግን ሶፍትዌሩ መብራት ኃይልን ታች ቀኝ ጥግ ወረወረው፣ ስዕሉ ንጹህ ነው፣ አንድም መስመር አልተቆራረጠም፣ ጋሼ ግን ወረቀቱን ሶስት ጊዜ አዙረው አዩትና መለሱልኝ። ሰውየው አርባ አመት ሙሉ ሲንግል ላይን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ስዕል ያነበቡት መግቢያው ከላይ፣ ሎዱ ከታች ሆኖ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እሳቸው ጋ። በእጄ ሰዓት ተኩል ፈጅቼ እንደገና ደረደርኩት፣ ሁለት መስመሮች ተቆራረጡ፣ ቆንጆነቱ ቀነሰ፣ ጋሼ ግን አንዴ አይተው «እንዲህ አትልም» አሉ።

ከዛ በጣታቸው ማንበብ ጀመሩ፣ ከላይ ጀምረው፣ ጥፍራቸው ውስጥ ዘይት አለ፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ትንሽ ትንሽ ጥቁር አሻራ እየተዉ። የማስነሻ ባትሪው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺን የሚሞላት ቻርጀር የት ነው የተሰካው?» የጻፍኩትን አሳየኋቸው፣ ከጄኔሬተሩ ፊደር። «ውሸት ነው» አሉኝ፣ ድሮዊንጉ እንደዛ ይላል ስላቸው «ድሮዊንጉም ይዋሻላ» አሉ፣ ተነስተን ሄደን አየነው፣ ገመዱ ተከትሎ ተከትሎ ማንም የማያውቀው አንድ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው፣ ሶኬቱ የጥበቃ ቤቱ ነው፣ ጥበቃዎቹ ደግሞ ማታ ሂተር ሲሰኩ ቻርጀሩን ይነቅሉታል። ሂተሩ አልተሳለም። ጥበቃዎቹም አልተሳሉም። ሶስት መቶ ስድስቱን ጥያቄ የመለስኩ ሰውዬ ያልጠየቅኩት አስራ ዘጠነኛው ዕቃ እዛው ቀይ ሆኖ ይሞቃል።

ተመልሰን ስንገባ ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ወረቀቱን የጄኔሬተር ቤቱ በር ጀርባ ላይ አስደግፈው፣ ከሁሉም ሳጥን ውጪ ጠርዙ ላይ፣ እጃቸው ትንሽ እየተንቀጠቀጠ አንድ ጠማማ ሳጥን ሳሉና ውስጡ «ቁልፍ» ብለው ጻፉበት፣ ከሱ ወደ ታንከሩ መስመር ሳቡ። ያ የባከነው አርባ ደቂቃ። የታንከሩ ክፍል ቁልፍ ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ ስቶር ኪፐሩ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፣ የሚያድረው ሰንዳፋ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ሞዴሉ ላይ «ቁልፍ» የሚል ብሎክ ጨመርኩ። ወደ ታንከሩ ክፍል መስመር ስስብ ሶፍትዌሩ የግንኙነቱን አይነት ምረጥ ብሎ ዝርዝር ከፈተልኝ። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ሰንዳፋ የሚያድር ነገር ምን አይነት ግንኙነት እንደሚባል የሚናገር የለም። ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ትርፍ አስቀርጹና ጥበቃ ጋ አስቀምጡ በላቸው» አሉኝ፣ «ደሞ ምኑን ትስለዋለህ» ብለው ዘጉብኝ።